የልጅን ጨዋታ መዝግቦ መያዝ፦ የሱዛን አይዛክስ የምልከታ መንገድ ለጅማ መዋዕለ ሕፃናት መምህራን

በጅማ ዝናቡ ቶሎ ስለሚገባ፣ በግንቦት ወር የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የዕረፍት ሰዓታቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጠፈፍ ሥር ነው። በእንዲህ ያለ ቀን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ቆርኪዎች ደርድራ ቡና ታፈላለች፤ አጠገቧ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት «ልጇ» ሆኖ ተኝቷል። ድንገት እንጨቱን ብድግ አድርጋ «ዝም በል አላልኩህም!» ትልና ሁለት ጊዜ ትመታዋለች፤ ወዲያው ደግሞ አቅፋ እሹሩሩ ትለዋለች። ይህን ያየች መምህርት ማታ በደብተሯ ላይ የምታሰፍረው ብዙውን ጊዜ «ዛሬ ኃይለኛ ነበረች» ወይም «እቃቃ ተጫወተች» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ያም ካልሆነ ምንም አትጽፍም። ይህ ጽሑፍ በዚያ መስመር ፈንታ ምን መጻፍ እንደሚገባ፣ መቼና እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከተጻፈ በኋላም ምን እንደሚደረግበት ለማሳየት የተዘጋጀ ሲሆን፣ መንገዱን የምንቀዳው ከብሪታንያ ቀደምት ሴት ሳይኮአናሊስቶች አንዷ ከነበረችው ከሱዛን አይዛክስ ነው።

ሱዛን የተወለደችው በ1885 በሰሜን እንግሊዝ፣ በቦልተን ከተማ አቅራቢያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ የጋዜጣ አዘጋጅና የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር፤ እናቷ የሞተችባት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት በሃይማኖት ጉዳይ ጥርጣሬ እንዳደረባት በመታወቁ አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ቤት አስቀመጣት፤ ለረጅም ጊዜም አኮረፋት። ወደ ትምህርት የተመለሰችው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የገባችውም የትንንሽ ልጆች መምህርት ለመሆን ለመሠልጠን ነበር። ችሎታዋ ታይቶ ወደ ዲግሪ ትምህርት ተዛወረች፤ በ1912 በፍልስፍና በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች፤ ከዚያም በኬምብሪጅ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ሠራች፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅም አስተማረች። ሳይኮአናሊሲስን፣ ማለትም ሰው ራሱ የማያውቀውን የልቡን ሐሳብ በንግግሩ፣ በሕልሙና በጨዋታው በኩል የማግኘትን ሙያ፣ የያዘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የብሪታንያ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር በ1921 በተባባሪነት፣ በ1923 ደግሞ በሙሉ አባልነት ተቀበላት። ከሌሎች በፊት የራሷን ልብ ለማስመርመርም በለንደን በጆን ፍሉገል፣ በቪየና በኦቶ ራንክ፣ ኋላም በጆአን ሪቪየር ፊት ተቀምጣለች። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምይዘው ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ መምህርት ነበረች፤ ስለዚህ የልጅን ነገር ከመተርጎሟ በፊት ልጅ ያለበት ክፍል ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ እኛንም የምታስተምረን በዚህ በኩል ነው።

በ1924 ጄፍሪ ፓይክ የተባለ ሰው ለራሱ ልጅና ለእኩዮቹ በኬምብሪጅ ያቋቋመውን ማልቲንግ ሐውስ የተባለ አነስተኛ ትምህርት ቤት እንድትመራ ቀጠራት፤ እስከ 1927 መጨረሻ ድረስም መራችው። ሲጀመር ልጆቹ ዐሥር ብቻ፣ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ በኋላ ሴቶችም ገብተው ቁጥሩ ወደ ሃያ ደረሰ፤ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት ባነሰና ከስምንት በጥቂቱ በበለጠ መካከል ነበር። በግቢው የአትክልት ቦታ፣ የአሸዋ ገንዳ፣ እውነተኛ መጋዝና መዶሻ፣ ጥንቸሎች፣ ዶሮዎችና አይጦች ነበሩ፤ ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ከፍ ዝቅ የሚሉበት ሳንቃም ነበር፤ ከሥሩ ክብደት እየተንጠለጠለበት ልጆቹ ስለ ሚዛን ራሳቸው እንዲደርሱበት ተብሎ የተሠራ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አዋቂዎቹ ቀኑን ሙሉ ልጆቹ ያደረጉትንና የተናገሩትን ቃል በቃል መጻፋቸው ነው። ሱዛን በ1930 ስለ ልጆች የአእምሮ ዕድገት፣ በ1933 ደግሞ ስለ ማኅበራዊ ዕድገታቸው ያሳተመቻቸው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ከእነዚህ ማስታወሻዎች የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ከመካከሉ ለሁለት አስቆርጠው በጋዋን ኪስ የሚገባ ያድርጉት፤ ዝናብ ቢነካው ቀለሙ እንዳይፈስ በእርሳስ ይጻፉ። ደብተሩ ሲገለጥ የሚታዩት ሁለት ገጾች የተለያየ ሥራ አላቸው። በግራው ገጽ የሚጻፈው በዓይን የታየውና በጆሮ የተሰማው ብቻ ነው፤ የቀኙ ገጽ በዚያን ቀን ባዶውን ይደር። ከላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አጠገቡ የነበሩትን ሰዎችና የልጁን ዕድሜ በዓመትና በወር ያስፍሩ፤ ሱዛን ዕድሜን ምንጊዜም ከነወሩ ነበር የምትጽፈው፤ በአራት ዓመት ከአንድ ወርና በአራት ዓመት ከዐሥራ አንድ ወር መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ዕድሜ እጅግ ሰፊ ነውና። በልጁ ስም ፈንታ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ምልክት ይጠቀሙ፤ ሱዛንም በመጻሕፍቷ የልጆቹን ስም ለውጣለች።

በግራው ገጽ ላይ «ኃይለኛ»፣ «ቀዥቃዣ»፣ «ጨዋ»፣ «ባለጌ»፣ «ዓይን አፋር» የሚሉት ቃላት አይግቡ። እነዚህ የእኛ ፍርዶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመቶቼ በሠራሁበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ስለ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ዓመቱን ሙሉ «ቀዥቃዣ ነው፣ ከመቀመጫው ይነሣል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በሪፖርት ካርዱም ላይ ይኸው ቃል ሰፍሯል። ልጁ የሚነሣበትን ሰዓትና ከመነሣቱ በፊት የሆነውን ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ የሚነሣው ከአጥሩ ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ መሆኑን በሁለት ሳምንት ውስጥ ባወቅሁ ነበር። አባቱ የባጃጅ ሾፌር እንደነበረና ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ወራት እንዳለፉት የሰማሁት ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ነው። ያ ልጅ በእኔ ደብተር ውስጥ እስከ ዛሬ ቀዥቃዣ ነው፤ ይህም ይቆጨኛል።

የልጁን ንግግር በተናገረበት ቋንቋ ይጻፉ። በጅማ ብዙው ልጅ በአንድ ጨዋታ ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ያቀላቅላል፤ ጓደኛውን በአፋን ኦሮሞ «ኮቱ» (ና) ብሎ ጠርቶ በአማርኛ «ና እንጂ!» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ለመጥሪያና ለቁጣ የትኛውን ቋንቋ እንደመረጠ ራሱ ትልቅ መረጃ ስለሆነ፣ ወደ አንድ ቋንቋ አስተካክለው ከጻፉት ይጠፋል። አጠራሩም አይታረም። በተጨማሪ የራስዎን ቃል መጻፍ አይዘንጉ። በሱዛን ማስታወሻዎች ውስጥ እርሷ ራሷ ምን እንዳለችና ምን እንዳደረገች ከልጆቹ ቃል ጋር አብሮ ተጽፎ ይገኛል፤ ምክንያቱም ልጁ የመለሰው ለተጠየቀው ነው፤ ጥያቄው ካልታወቀ መልሱ ብቻውን ይቀራል።

የጥንቸሏ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ ጠዋት በግቢው ጥንቸል ሞታ ተገኘች። አንዱ ልጅ ሆዷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ስላቆመ ሞታለች አለ። ሌላው ውኃ ውስጥ ብትገባ ትድናለች ብሎ አባቱ እንደነገረው ተናገረ። ሱዛን ይህን ሰምታ ልጁን አላረመችውም፤ እናድርገውና እንይ አለች። ውኃ ውስጥ ሲያስገቧት ጥንቸሏ በውኃው ላይ ዞረች፤ አንዳንዶቹም ስለተንቀሳቀሰች በሕይወት አለች አሉ። በዚህን ጊዜ ሱዛን ትንሽ እንጨት ወደ ውኃው ጨመረች፤ እንጨቱም ዞረ፤ እንጨቱ ግን ሕይወት እንደሌለው ሁሉም ተስማሙ። ከዚያ ጥንቸሏን ቀበሯት፤ በኋላ ደግሞ እውነት እዚያው እንዳለች ወይም እንደሄደች ክርክር ሲነሣ ልጆቹ ቆፍረው ተመለከቱ። በእኛ ልማድ ስለ ሞት ልጅ ሲጠይቅ ቶሎ ብሎ ዝም ማሰኘት የተለመደ ነው፤ መቆፈሩን እኔም በክፍሌ አልፈቅደውም፤ የወላጆችን እምነት ማክበር አለብኝና። እንጨቷን ወደ ውኃው የመጨመሯን ነገር ግን ማንኛውም መምህር ሊወስደው ይችላል። በኅዳር የቡና ለቀማ ሲደርስ ልጅ እሸት ቡና ይዞ ቢመጣ፣ ለምን አንዳንዱ ፍሬ እንደሚንሳፈፍ ከመንገር በፊት አንድ ጣሳ ውኃ አቅርቦ ልጆቹ ምን እንደሚሆን አስቀድመው እንዲናገሩ ማድረግና የተናገሩትን መጻፍ ከዚያው የመጣ ነው።

መቼ ይመዘገባል ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ልጁ በራሱ ጉዳይ ተጠምዶ ሳለ። ለዚህ የሚጠቀሰው ታዋቂው የስዊዝ የልጆች አስተሳሰብ አጥኚ ዣን ፒያዤ ማልቲንግ ሐውስን በጎበኘበት ጊዜ የሆነው ነው። ፒያዤ ትንንሽ ልጆች የማሽንን አሠራር በምክንያትና በውጤት ማስረዳት እንደማይችሉ ከልጆች ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ አግኝቶ ነበር፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ ስለ ብስክሌት ነው። በዚያው ጊዜ የአምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ልጅ በግቢው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ወደ ኋላ እየረገጠ ነበር። ሱዛን ወደ ፊት እየሄድክ አይደለም አይደል አለችው፤ እርሱም በተቃራኒው እያዞርኩ እንዴት እሄዳለሁ ዓይነት መልስ ሰጣት። ታዲያ ሲሄድ እንዴት ነው የሚሄደው ስትለው፣ እግር ፔዳሉን እንደሚጫን፣ ፔዳሉ ጥርሳሙን ብረት፣ ጥርሳሙ ብረት ካቴናውን፣ ካቴናው የጎማውን መሐል እንደሚያዞር በጣቱ እያሳየ ዘረዘረላት። ስለዚህ ልጅን ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጦ ከመጠየቅ ይልቅ እጁ ሥራ ላይ ሳለ ጠጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ መወርወር ይበጃል። ከዐሥር ደቂቃ በላይ በአንድ ልጅ ላይ አይቁሙ፤ በሳምንት ሁለት ልጅ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራው ከባድ ክፍል ነው። በ1926 ልጆችን በጨዋታቸው በኩል የምትመረምረው ሳይኮአናሊስት ሜላኒ ክላይን ወደ ለንደን መጥታ መኖር ከጀመረች ወዲህ ሱዛን ከእርሷ ጋር በቅርብ ሠርታለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የብሪታንያ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር በክላይንና በአና ፍሮይድ (የሳይኮአናሊሲስ መሥራች የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ፣ እርሷም የልጆች ሳይኮአናሊስት) ወገኖች ክርክር ሲታመስም፣ በ1943 ስለ ሕፃናት ስውር ምኞትና ምናብ የሚያትት ጽሑፍ ለውይይት አቀረበች፤ ጽሑፉ በ1948 ታትሟል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ልጅን ለማጥናት ሦስት መርሆች አስቀምጣለች፦ ለጥቃቅን ነገር ትኩረት መስጠት፣ ነገሩ የሆነበትን ዙሪያ መመልከት፣ የዛሬው ጠባይ ከትናንቱ እንዴት እንደወጣ መከተል። ሁለቱን እስካሁን ባልነው ውስጥ አይተናል። ሦስተኛው ደብተሩ ለወራት እንዲቆይ የሚጠይቅ ስለሆነ አብዛኞቻችን የምንሰንፍበት ነው።

ለዚህ ሱዛን የጻፈችው ምሳሌ ከልቤ አይወጣም። አንዲት የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ የእናቷ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ሲርገበገብ አይታ በድንጋጤ ጮኸች፤ ለአንድ ሳምንት ያህልም እናቷ የትኛውንም ጫማ ስታደርግ ትሸሽ ነበር። ያ ጫማ ተወገደ፣ ነገሩም የተረሳ መሰለ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት፣ ድንገት በፍርሃት ድምፅ ያ የተቀደደው ጫማ የት እንዳለ እናቷን ጠየቀች፤ እናትየው እንደተጣለ ስትነግራት ሊበላት ይችል እንደነበር ተናገረች። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም፤ እኛ ራሳችን እንዲህ ያለውን ጫማ ሊስትሮ ዘንድ ስንወስድ «አፉን ከፍቷል» እንላለን። አዋቂው በዘይቤ የሚለውን ሕፃኗ በዓይኗ አይታዋለች፤ ያየችውን የምትናገርበት ቃል ግን ከዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የመጣላት። በዚያች ቀን የሆነውን የጻፈ ሰው ባይኖር የኋለኛው ቃሏ ትርጉም አልባ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ባዶ የተተወው የቀኙ ገጽ የሚሞላው ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ፣ ስለዚያው ልጅ ሌሎች አራትና አምስት ምልከታዎች ሲሰበሰቡ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ ያንብቡና የሚደጋገመውን ይፈልጉ፦ ያች ልጅ እንጨቱን የምትመታው ሁልጊዜ ቡና ስታፈላ ነው? ከመታች በኋላ ሁልጊዜ ታባብላለች? በቤት ታናሽ ተወልዷል? ግምትዎን «ምናልባት» ብለው ይጻፉ፤ ከሥሩም ግምቱን የሚያፈርስ ምልከታ ካለ አብረው ያስፍሩ። የራስዎን ስሜትም አንድ መስመር ይስጡት፤ ስትመታው ተናድደው ከሆነ፣ የራስዎ ልጅነት ትዝ ብሎዎት ከሆነ፣ ያ ስሜት የጻፉትን ስላጠመመው መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ድንበር አለ። ሱዛን ራሷ ሳይኮአናሊስት ሆና ሳለ የመምህርና የሳይኮአናሊስት ሥራ እንዳይቀላቀል አጥብቃ አሳስባለች። ለልጂቱ «እንጨቱን የምትመቺው ወንድምሽን ስለምትጠዪው ነው» ብሎ መንገር የመምህር ሥራ አይደለም፤ ያስደነግጣታልም። ልጆች ቁጣቸውን በጨዋታ እንዲያወጡ ብትፈቅድም፣ አንዱ ሌላውን ሲጎዳ ትከለክል ነበር፤ ልጅ የራሱን ቁጣ ስለሚፈራ ከውጭ የሚያግዘው ገደብ እንደሚያስፈልገው ከተሞክሮ ጽፋለች። ምልከታው የመምህሩን አቅም የሚያልፍ ነገር ካሳየ፣ ለምሳሌ ልጁ ለሳምንታት መናገር ወይም መብላት ካቆመ፣ ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ ወደ ሕክምና መላክ ይገባል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ከወላጅ ጋር ሲነጋገሩ የቀኙን ገጽ ይዝጉና ከግራው ብቻ ያንብቡ። «ልጅዎ አስቸጋሪ ነው» የተባለች እናት ትከላከላለች፤ «ማክሰኞ ጠዋት ቆርኪ ደርድራ ቡና እያፈላች ሳለ እንዲህ አለች» ተብሎ የተነበበላት እናት ግን ብዙ ጊዜ ቀሪውን ራሷ ትሞላዋለች። ሱዛን ከ1929 እስከ 1936 ኧርሱላ ዋይዝ በሚል የብዕር ስም በአንድ የሞግዚቶችና የእናቶች መጽሔት ላይ ለሚላኩ ደብዳቤዎች መልስ ስትሰጥ ኖራለች፤ ስለ ጣት መጥባት፣ ስለ እንቢተኝነት፣ ስለ ሌሊት ፍርሃት ለሚጨነቁት ወላጆች ከምትነግራቸው ብዙው በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ መሆኑን ነው። ይህን ለማለት ግን በሺህ የሚቆጠሩ የልጅ ቃላትን አስቀድማ ጽፋ ነበር።

ማልቲንግ ሐውስን ከእኛ ክፍል ጋር ስናነጻጽር መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። የዚያ ልጆች ጥቂት፣ የተማሩና የተደላደሉ ወላጆች ልጆች፣ በአእምሮ መለኪያም ከአማካዩ በጣም የላቁ ነበሩ። ስለዚህ የእርሷ የአምስት ዓመት ልጅ ያደረገውን የእኛው አላደረገም ብሎ መጨነቅ አይገባም፤ የምንወስደው አጻጻፉን እንጂ የዕድሜውን ልክ አይደለም። አርባና ሃምሳ ልጅ ላለበት ክፍል ደግሞ ረዳቷንም ማሠልጠን ግድ ነው፤ አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ ልጆቹን ትጠብቃለች፤ በማግሥቱ ይለዋወጣሉ።

ለትልልቆቹ ልጆች፣ መጻፍ ለሚችሉት፣ ሌላም መንገድ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ከለንደን ወደ ኬምብሪጅ የተወሰዱ ተማሪዎችን ሱዛን ከባልደረቦቿ ጋር ስታጠና፣ ልጆቹ በኬምብሪጅ የሚወዱትንና የሚናፍቃቸውን እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር፤ በ1941 የታተመው ውጤትም የቤተሰብ ትስስር ምን ያህል እንደሚከብድና ወንድምና እኅት አንድ ላይ መመደብ እንዳለባቸው አሳይቷል። በጅማ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት እየኖሩ የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉ። ለእነርሱ አንድ ነጠላ ወረቀት ሰጥቶ በአንዱ ፊት «ጅማ ውስጥ የምወደው»፣ በሌላው ፊት «እዚህ የሚናፍቀኝ» ብለው በፈለጉት ቋንቋ እንዲጽፉ ማድረግ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ፊደል አይታረም፣ ነጥብ አይሰጥም፣ ለክፍሉም አይነበብም። ወረቀቱ ከደብተሩ ጋር በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጣል፤ በመስከረም ልጁ ወደ ሌላ መምህር ሲያልፍ በወላጁ ፈቃድ የግራው ገጽ ተገልብጦ ለአዲሱ መምህር ይሰጣል፤ የቀኙ ገጽ ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል።